የቆመ አይፍረስ

ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣
አጂፕ ማዞሪያው ጋ፣ መሰላሌ ላይ ሆኜ
የአቶ ነዚፍን ጢም በነጭ ቀለም ስስል፣
አንድ ባለባጃጅ ጮኸ ከታች ቆሞ፦
«ውረድ እንጂ ጋሼ! ሰውዬህ ወርዷል እኮ!»

«ከየት?»
«ከውድድሩ። አሁን በሬዲዮ።»

ግራው ሸብቶ አልቋል፣ ቀኙ ገና ጥቁር።
ራሱ ነው ያለኝ፦ «ሽበቴን እንዳታስቀር፤
ሰው ያረጀ ነገር ያምናል፣ ባይናገር።»

ነዚፍ አባ ዱራ፣ ሒርማታ ማር ሻጩ፣
የወግ አጥባቂዎች የመጨረሻ ዕጩ፤
ፓርቲው ለፕሬዝዳንት ሰው ሊመርጥ ሲያጣራ
ስሙን ያስመዘገበ ከስድስቱ ጋራ።
ምልክቱ በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ።
«አራት እግር» ይል ነበር «ወለል ከጎበጠ ይንገዳገዳል፤
ሦስት እግር ግን የትም፣ ጭቃም ላይ ይቆማል።»

መፈክሩ ሁለት ቃል፦ «የቆመ አይፍረስ!»
እኔ የምከፈለው በፊደል ነውና
ቁጥቡ ሰውዬ አከሰረኝ በጣም፤
ስምንት ፊደል ብቻ፣
ቃለ አጋኖ በነፃ።

እኔ አልመርጠውም ነበር። ይህ ይታወቅልኝ።
«ሴት ልጅ ሳይመሽ ትግባ» ብሎ የተናገረ ዕለት፣
ልጄ ዘቢባ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት
ከምሽቱ ሦስት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ፣
ብሩሼን ልጥልለት ምንም አልቀረኝ።
ኪራይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አርጌ ቀባሁ።

ደግሞ ያ ዋርካ አለ፣ ጅሬን መውጫው ላይ።
መንገድ ሊሰፋ ሲል፣ መጋዝ ሲነሣበት፣
በርጩማውን ይዞ ሄደ፣ ተቀመጠበት
ሥሩ ላይ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ጋዜጣ ገልጦ።
መጋዙ ጠበቀ፣ ጠበቀና ሄደ።
ያን ግማሽ ቀን ብቻ ድምፄ የእሱ ነበረች።

ባለባጃጁ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው፦
ከአጋሮ ሰባት ሰው፣ ከሰቃ አሥራ አንድ፣
ከዴዶ አንድም የለ፤
ዴዶ ማለት እኮ እናቱ የተወለደችበት፣
ለሦስት የአክስት ልጆች ሰርግ በሬ ያረደበት።

ማንንም አልሰደበም። ተሰረቅሁም አላለ።
«ታዲያ ደጋፊዎችህ ለማን ይስጡ?» ሲሉት
ጥቂት ዝም አለና፣ ሬዲዮው ሲንሿሿ፣
«ማር ስመዝን ኖሬ፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ፣
ጣቴን ሚዛኑ ላይ አሳርፌ አላውቅም» አለ።

አመሻሽ ላይ፣ ልወርድ ስል መጣ። ብቻውን። በእግሩ።
ያ ሁሉ አጃቢ፣ ያ ሁሉ ጥሩንባ፣ የት እንደገባ እንጃ።
ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያም አየው ፊቱን
በቆርቆሮው ላይ፣ ሦስት ሜትር ሙሉ።
«ምነው ግማሹን ሽማግሌ፣ ግማሹን ጎረምሳ
አርገህ ትተወኛለህ? ጨርሰው እንጂ» አለኝ።
«ነገ ይነሣል እኮ፣ ጋሽ ነዚፍ» ብለው፣
«ይነሣ። የተጀመረ ግን...» ብሎ አልጨረሰውም።

ጀመርኩ። ካፊያው መጣ። ቀለሙ ይቀጥናል፣
ነጩ በአገጩ ላይ እንደ ወተት ይወርዳል።
መሰላሉ ቀጥ ሲል ቁልቁል ባይ
በሁለት እጁ እግሩን ይዞልኛል፣
የክት ኮቱን እጅጌ ጭቃ ነክቶት።
ልነግረው ፈለግሁ፣ ስለ ዘቢባ፣
«እኔ እኮ አልመርጥህም ነበር» ልለው፤
አፌን ከፈትኩና
«ትንሽ ወደ ግራ» አልሁት።
ወደ ግራ ገፋው።

ዓርብ ጧት ሌላ ሰው ቀባሁ በላዩ።
ወጣት ነው፣ ጢም የለው፣ መፈክሩ ረጅም፣
አርባ ሦስት ፊደል፤ ሒሳቡ ደህና ነው።
ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋስም አልነበረም።
መሰላሌ ግን ባለ አራት እግር ነው፤
ቀኑን ሙሉ ሲንገዳገድ ዋለ።